ከቁጥር ክምር ወደ ውሳኔ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሙሌሽን ውጤት ማንበቢያ ሶፍትዌር አሠራር

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ወዳጄ ፍላሽ ይዞ ባሕር ዳር መጣ። ፍላሹ ውስጥ ከመቶ በላይ የጽሑፍ ፋይል አለ። አንድ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ወስዶ፣ በኮምፒውተር ሞዴል ሠርቶለት፣ በሰባት የመሬት መንቀጥቀጥ ሪከርድ (በመሣሪያ በተመዘገበ ንዝረት) በሁለት አቅጣጫ አንቀጥቅጦታል። የወጣው ሁሉ ቁጥር ነው። "እስቲ ይኼን የሚነበብ አድርግልኝ" አለኝ።

ሁለት ሳምንት ሠራሁ። ሕንፃው ስክሪኑ ላይ ሲወዛወዝ የሚያሳይ፣ ቀለሙ የሚቀያየር ተንቀሳቃሽ ምስል አዘጋጀሁ። ቁጭ ብሎ ሁለት ጊዜ አየው። ከዚያ ዞር ብሎ "ወንድሜ፣ በጣም ያምራል። ታዲያ የግራውንዱን ኮለን ላወፍረው ወይስ ልተወው?" ብሎ ጠየቀኝ። የሠራሁት ነገር ለዚህ መልስ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ከዜሮ ጀምሬ ሠራሁት። ከታች የምጽፈው በዚያ ሥራ የተማርኩትን ነው። ትንሽ ፓይተን ለሚያውቅ መሐንዲስ፣ ወይም መሐንዲስ ወዳጅ ላለው ፕሮግራመር ይሆናል።

ጎጃም ከስምጥ ሸለቆው ፈንጠር ያለ ነው፤ ምን አስጨነቀን የሚል ሰው አይጠፋም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰዉን ከፎቅ አውርዶታል። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፍርሷል። የጣና ተፋሰስ ራሱ የመሬት ስንጥቅ ከፈጠራቸው ቅርጾች አንዱ ነው። በዚያ ላይ ከሩቅ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይዳከማል፤ ዘገምተኛው ግን ይደርሳል። ዘገምተኛው ደግሞ የሚነካው ረዘም ያለውን ፎቅ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በየዓመቱ የሚጨመረው ደግሞ ረዘም ያለ ፎቅ ነው።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ መሐንዲሱን ጠይቁ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። "ምን ግራፍ ትፈልጋለህ?" አትበሉት። እንዲህ ከጠየቃችሁ ያየውን ግራፍ ሁሉ ይቆጥርላችኋል። "ውጤቱን አይተህ ምን ትወስናለህ?" በሉት።

የእኔ ወዳጅ መልሶች እነዚህ ነበሩ። ስሌቱ እስከ መጨረሻው ሄዷል ወይስ መንገድ ላይ ቆሟል? የትኛው ወለል ነው በጣም የተንሸራተተው? ከሕንፃ ኮዱ ገደብ አልፏል? መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ ሕንፃው ዘሞ ይቀራል? ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ምን ያህል ይናጣል?

አምስት ጥያቄ ነው። ሙሉው ሶፍትዌር ከእነዚህ አይበልጥም። ሌላ ነገር ልጨምር ስትሉ ከአምስቱ የትኛውን እንደሚመልስ ራሳችሁን ጠይቁ። ካልመለሰ አትጨምሩት። የእኔ ተንቀሳቃሽ ምስል በዚህ መንገድ ወጥቷል፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን አዘጋጁ

ፓይተን ይበቃል። ለሠንጠረዥ ፓንዳስ፣ ለስሌት ናምፓይ፣ ለግራፍ ማትፕሎትሊብ ጫኑ። በብሮውዘር የሚከፈት ገጽ ከፈለጋችሁ ስትሪምሊት ቀላል ነው፤ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ አድርጉ። ፓኬጆቹን ኢንተርኔት ባለበት ቦታ በፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ) አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ፒፕ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከፎልደር እንዲጭን ማዘዝ ይቻላል። እኔ ፍኖተ ሰላም ሄጄ በሁለት ኮምፒውተር ላይ የጫንኩት በዚህ መንገድ ነው። የፓይተኑ ቨርዥንና የዊንዶውሱ ዓይነት አንድ መሆናቸውን ግን አረጋግጡ። አለበለዚያ ያወረዳችሁት እንቢ ይላል።

ደረጃ 3፦ ፋይሉን ስታነቡ መለኪያውን አስገድዳችሁ አስሞሉ

እኛ ጋ ውጤት የሚመጣው ባብዛኛው ከሁለት ቦታ ነው። ቢሮዎች ኢታብስ የሚባለውን የሕንፃ ስሌት ሶፍትዌር ይጠቀማሉ፤ ሠንጠረዡ ወደ ኤክሴል ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ ያሉትና ጠለቅ ብለው የሚሠሩት ኦፕንሲስ ይጠቀማሉ። ኦፕንሲስ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተወለደ ሶፍትዌር ነው፤ ውጤቱን ርዕስ በሌለው የጽሑፍ ፋይል ያወርዳል። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው ዓምድ ሰዓቱ ነው፤ የቀሩት የየነጥቡ እንቅስቃሴ ናቸው። የትኛው ዓምድ የትኛው ወለል እንደሆነ ፋይሉ አይነግራችሁም።

ከዚህ የሚብስ ነገር አለ። ኦፕንሲስ መለኪያ የሚባል ነገር አያውቅም። በሜትር ብትሰጡት በሜትር፣ በሚሊ ሜትር ብትሰጡት በሚሊ ሜትር ይመልሳል። 0.042 የሚል ቁጥር ስታዩ 4.2 ሴንቲ ሜትር ይሁን የሚሊ ሜትር ቁራጭ ይሁን ከፋይሉ አታውቁም።

ስለዚህ ከውጤቱ ጎን አንድ ትንሽ የመግለጫ ፋይል እንዲኖር አስገድዱ። የርዝመት መለኪያ፣ የእያንዳንዱ ወለል ቁመት፣ የትኛው ዓምድ የትኛው ወለል፣ የሪከርዱ ስም፣ የሪከርዱ ርዝመት በሰከንድ። ይህ ካልተሞላ መሣሪያው ምንም ግራፍ አይሥራ። "መለኪያው አልተገለጸም፤ እባክዎ ይሙሉ" ብሎ ይቁም። ሜትር ይሆናል ብሎ በራሱ አይገምት። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ይነጫነጫል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይለምደዋል።

የመንቀጥቀጡን ሪከርድ በተመለከተም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ሪከርድ የሚያወርደው ፒር ከሚባለው የመንቀጥቀጥ ሪከርዶች የመረጃ ቋት ነው። እነዚያ ፋይሎች አራት የርዕስ መስመር አላቸው። አራተኛው ላይ የነጥቦቹ ብዛትና በመካከላቸው ያለው ሰዓት ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ በየመስመሩ አምስት አምስት እየሆኑ ይደረደራሉ። የፍጥንጥነቱ መለኪያ ጂ ነው፤ የመሬት ስበት ማለት ነው። ወደ ሜትር በሰከንድ ካሬ ለመቀየር በ9.81 ይባዛል። ማባዛቱ ከተረሳ መንቀጥቀጡ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናል። ሕንፃው ንቅንቅ አይልም፤ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ከተባዛ ደግሞ ሕንፃው ዱቄት ይሆናል። ሁለተኛው ስህተት ራሱን ያጋልጣል። የመጀመሪያው ግን ደስ አሰኝቶ ያልፋል፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ለዚህ ሲባል መሣሪያው የሪከርዱን ከፍተኛ ፍጥንጥነት በጂ አስልቶ ገጹ አናት ላይ ያሳይ። መሐንዲሱ 0.15 ጠብቆ 0.015 ካየ ወዲያው ይነቃል።

ደረጃ 4፦ ስሌቱ መጨረሱን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ ብቻ ሠርታችሁ ሌላውን ብትተዉ እንኳ ትልቅ ሥራ ሠርታችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንፃው መሰንጠቅና መለመጥ ሲጀምር ስሌቱ ይከብዳል። አንዳንዴ ኮንቨርጅ ማድረግ (ወደ አንድ መልስ መጠጋት) ያቅተውና ይቆማል። ፋይሉ ግን እዚያ ድረስ የተጻፈውን ይዞ ይቀመጣል። ሲከፈት ጤነኛ ፋይል ይመስላል። ከፍተኛውን ቁጥር ፈልጉ ብትሉት ያወጣላችኋል።

በዚያ ፍላሽ ውስጥ ከአሥራ አራቱ ስሌት አንዱ ከሁሉም ያነሰ ድሪፍት (የወለል መንሸራተት) ያሳይ ነበር። ከሁሉም ኃይለኛ በሆነው ሪከርድ ላይ ነው ይህ የሆነው። ወዳጄ ሪከርዱ ለዚህ ሕንፃ ቀለል ይላል ብሎ ደምድሞ ነበር። የፋይሉን የመጨረሻ መስመር ሳየው 11 ሰከንድ ላይ ቆሟል። ሪከርዱ 40 ሰከንድ ነው። ዋናው ምት ገና እየመጣ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶቻችን።

ስለዚህ መሣሪያው የፋይሉን የመጨረሻ ሰዓት ያንብብ፤ መግለጫው ላይ ከተጻፈው የሪከርድ ርዝመት ጋር ያወዳድር። ካነሰ ያ ስሌት ከአማካይ ውስጥ አይግባ። በቀይ "በ11ኛው ሰከንድ ቆሟል" ተብሎ ይጻፍ። ዝም ብሎ ተጥሎ እንዳይጠፋ ተጠንቀቁ። ስሌቱ የቆመው ሞዴሉ ላይ ስህተት ስላለ ሊሆን ይችላል። ሕንፃው በእርግጥ ስለወደቀም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው መሐንዲሱ ነው፤ የእናንተ ሥራ ማሳወቅ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ሌላ ሁለት ፍተሻ ጨምሩ። ባዶ ወይም ቁጥር ያልሆነ ነገር ካለ ይናገር። ድሪፍቱ ከአሥር በመቶ ካለፈ "ይህ የሕንፃ ሳይሆን የስሌት ችግር ሊሆን ይችላል" ይበል።

ደረጃ 5፦ ድሪፍቱን በትክክል አስሉ

ድሪፍት ማለት ላይኛው ወለል ከታችኛው አንጻር የተንሸራተተው፣ ለወለሉ ቁመት ሲካፈል ነው።

ድሪፍት = (የላይኛው ወለል እንቅስቃሴ − የታችኛው ወለል እንቅስቃሴ) ÷ የወለሉ ቁመት

ላይኛው 42፣ ታችኛው 27 ሚሊ ሜትር ሄዷል እንበል። ልዩነቱ 15 ነው። ቁመቱ 3,000 ሚሊ ሜትር ከሆነ ድሪፍቱ 0.005፣ ማለትም ግማሽ በመቶ ነው።

ቀላል ነው፤ ስህተቱም ያለው እዚሁ ነው። ብዙ ሰው ኤክሴል ላይ የላይኛውን ወለል ከፍተኛ ቁጥር ያወጣል፤ የታችኛውንም ከፍተኛ ያወጣል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ሁለቱ ከፍተኛዎች ግን በአንድ ቅጽበት አይመጡም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የላይኛው ከፍተኛ 42፣ የታችኛው ከፍተኛ 35 ነው። ሲቀነስ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ። ነገር ግን በአንዲት ሌላ ቅጽበት ላይኛው ወደ ቀኝ 20፣ ታችኛው ወደ ግራ 5 ሄዶ ነበር። እውነተኛው ልዩነት 25 ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ! ስለዚህ መጀመሪያ በየቅጽበቱ ቀንሱ፤ ከዚያ ከፍተኛውን ፈልጉ። ፓንዳስ ላይ ዓምድን ከዓምድ መቀነስ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ምልክቱን ትታችሁ ፍጹም ዋጋውን መውሰድም አትርሱ፤ ሕንፃ ወደ ግራም ይሰበራል።

የምታነቡት ነጥብ የት እንዳለም ጠይቁ። የወለሉ መሐል ላይ ያለ ነጥብ ሕንፃው ሲጠማዘዝ ብዙም አያሳይም። ጥጉ ላይ ያለው ኮለን ግን ይሠቃያል። በተለይ ደረጃው ወይም የሊፍቱ ግድግዳ ወደ አንድ ጎን የተገፋበት ሕንፃ ከሆነ የአራቱን ጥግ ውጤት ጠይቁ።

ዘሞ መቅረትን ለማወቅ ሪከርዱ ካለቀ በኋላም ስሌቱ ለተወሰነ ሰከንድ መቀጠል አለበት። ሕንፃው እስኪረጋጋ ማለት ነው። ሪከርዱ እንዳለቀ የሚቆም ስሌት የመጨረሻ ቁጥሩ የሚወዛወዝ ሕንፃ ቁጥር ነው። መሣሪያው የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች አይቶ አሁንም የሚወዛወዝ ከሆነ "ገና አልረጋም" ይበል።

ለሮቶው ደግሞ ፍጥንጥነት ያስፈልጋል። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። በተለመደው የኦፕንሲስ አሠራር የሚመዘገበው ፍጥንጥነት ከመሬቱ አንጻር ያለው ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ የሚሰማው ግን ጠቅላላው ነው። የመሬቱን ፍጥንጥነት በየቅጽበቱ መደመር አለባችሁ። ከሪከርደሩ ራሱ እንዲደመር ማዘዝም ይቻላል። ያኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ እንዳይደመር መግለጫው ፋይል ላይ "ጠቅላላ" ወይም "አንጻራዊ" የሚል ምርጫ አስገቡ።

ደረጃ 6፦ ከሕንፃ ኮዱ ጋር አወዳድሩ

ቁጥር ብቻውን አይናገርም። 0.0083 ብዙ ነው ትንሽ?

አሁን የምንሠራበት እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የኢትዮጵያ ኮድ ነው፤ ከአውሮፓው ዩሮኮድ 8 የተወሰደ። ከሱ በፊት የ1995ቱ ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 8 ነበር። የድሮው የሚያሰላው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ ለሚመለስ መንቀጥቀጥ ነው፤ አዲሱ በ475 ዓመት አንዴ ለሚመለስ። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ገጹ ላይ የትኛው ኮድ እንደተሠራበት ይጻፍ። በድሮው የተሠራ ሕንፃን የሚፈትሽ መሐንዲስ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይፈልጋል።

በአዲሱ ኮድ የጉዳት ገደቡ እንዲህ ነው። ድሪፍቱ በአንድ መቀነሻ ቁጥር ይባዛል። ለተራ ሕንፃ 0.5፣ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ዓይነቱ 0.4 ነው። ውጤቱ ከ0.005 መብለጥ የለበትም፤ ይህ ከኮለንና ከቢም ጋር ተጣብቆ ለተሠራ ተሰባሪ ግድግዳ ነው። የእኛ ብሎኬት እዚህ ይገባል። ግድግዳው መለመጥ የሚችል ከሆነ 0.0075፣ ከነጭራሹ ከአጽሙ ጋር ካልተያያዘ 0.010 ነው። ስለዚህ 0.0083 በ0.5 ሲባዛ 0.00415 ይሆናል። ከገደቡ በታች ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ኢታብስ እንሂድ። ቢሮዎች በብዛት የሚሠሩት መስመራዊ ስሌት ነው፤ ኃይሉና እንቅስቃሴው እኩል እያደጉ ይሄዳሉ ብሎ የሚያሰላው ማለት ነው። እዚያ የመንቀጥቀጡ ኃይል ቀድሞ በቢሄቪየር ፋክተር (ሕንፃው ሳይወድቅ መለመጥ በመቻሉ ኃይሉ በሚካፈልበት ቁጥር) ተካፍሎ ቀንሷል። ስለዚህ የሚወጣው ድሪፍት መልሶ መባዛት አለበት። ብዙ ፎቅና ብዙ ኮለን ላለው መካከለኛ ደረጃ የኮንክሪት ፍሬም ቁጥሩ 3.9 ነው እንበል። ከኢታብስ 0.0024 ወጣ። ሳይባዛ በ0.5 ብንወስደው 0.0012፤ የገደቡ ሩብ እንኳ አይሞላም። መሐንዲሱ እፎይ ይላል። ተባዝቶ ግን 0.00936፣ በ0.5 ደግሞ 0.00468 ነው። ከገደቡ 94 በመቶ። ያው ሕንፃ፣ ያው ፋይል። አንደኛው "ኮለኑን ልቀንስ?" ያሰኛል፤ ሌላው "አትንካው!" ይላል።

ቀጥታ ባልተቀነሰ ሪከርድ በኦፕንሲስ ለተሠራ መስመራዊ ያልሆነ ስሌት ግን ማባዛቱ ስህተት ነው። ስለዚህ መሣሪያው የስሌቱን ዓይነት ይጠይቅ፤ ያባዛ እንደሆነም ገጹ ላይ ስሌቱን ዘርግቶ ያሳይ። 0.0024 × 3.9 × 0.5 ብሎ። መልሱን ብቻ አትስጡት። መሐንዲስ ያልፈተሸው ቁጥር ላይ ፊርማውን አያኖርም፤ ማኖርም የለበትም።

ከድሪፍቱ ጎን አንድ ነገር ጨምሩ። ሕንፃው ሲያዘም የራሱ ክብደት ይበልጥ ይገፋዋል። ከወለሉ በላይ ያለው ክብደት ወለሉ ከታችኛው አንጻር በተንሸራተተው ተባዝቶ፣ ለወለሉ ሽር ኃይል (ወደ ጎን ለሚገፋው ኃይል) እና ለቁመቱ ሲካፈል ከ0.1 ካልበለጠ ችላ ይባላል። በ0.1ና በ0.2 መካከል ውጤቱ ከፍ መደረግ አለበት። ከ0.3 በላይ አይፈቀድም። ሦስቱን ድንበር በመሣሪያው ውስጥ አስገቡ።

ደረጃ 7፦ ስንት ሪከርድ እንዳለ ቁጠሩ

የሕንፃ ኮዱ ቢያንስ ሦስት ሪከርድ ይጠይቃል። ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ አማካዩን መውሰድ ይቻላል። ከሰባት ካነሰ ግን ከሁሉም የከፋው ይወሰዳል። መሣሪያው ራሱ ቆጥሮ ይምረጥ። ደረጃ 4 ላይ የቆመውን ስሌት ስታወጡ ሰባቱ ስድስት ይሆናሉ፤ ያኔ አማካይ መውሰድ ይቀራል። የእኔ የመጀመሪያ ኮድ ይህን ስቷል። ስድስቱን አማክሎ የሚያምር ቁጥር ሰጠ።

ሪከርዶቹ ለቦታው መስማማታቸውንም አሳዩ። ፔሬድ ሕንፃ አንዴ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ የሚመለስበት ሰዓት ነው፤ ስፔክትረም ደግሞ ሪከርዱ በየፔሬዱ ያለውን ሕንፃ ምን ያህል እንደሚያናውጥ የሚያሳይ ግራፍ ነው። የአምስት በመቶ ዳምፒንግ (የውዝዋዜ መዳከም) ስፔክትረማቸውን ሥሩ፤ አማካዩን ከኮዱ ስፔክትረም ጋር ደርቡ። ከሕንፃው ዋና ፔሬድ አንድ አምስተኛ እስከ ሁለት እጥፉ ባለው ክልል አማካዩ ከኮዱ 90 በመቶ ማነስ የለበትም። የሕንፃውን ፔሬድ በቀጥታ መስመር ምልክት አድርጉበት። ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

የአፈሩ ዓይነት ስፔክትረሙን ይለውጠዋል። ኮዱ በመሬቱ ላይኛው 30 ሜትር ውስጥ ባለው የሽር ሞገድ ፍጥነት ይከፍለዋል፤ በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ አለት፣ ከ180 በታች ልል አፈር። ጎጃም ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። አንዱ ቦታ ጥቁር ድንጋዩ በአንድ ሜትር ይገኛል። ትንሽ ራቅ ስትሉ ወፍራም ዋልካ ነው። ስለዚህ የአፈሩ ምርጫ ባዶ ሆኖ ይጀምር። አስቀድሞ የተሞላ ምርጫ ካለ ማንም አይቀይረውም።

ደረጃ 8፦ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ አውጡት

አንድ ገጽ። አናቱ ላይ ማስጠንቀቂያዎቹ፤ የቆመ ስሌት፣ ያልተለመደ ፍጥንጥነት፣ ያልረጋ ሕንፃ። ማስጠንቀቂያን መጨረሻ ላይ የሚያነብ የለም።

መሐሉ ላይ አንድ ግራፍ ብቻ። ወለሎቹ ከታች ወደ ላይ እንደ ሕንፃው ይደርደሩ። ድሪፍቱ ወደ ጎን ይሂድ። እያንዳንዱ ሪከርድ ስስ መስመር፣ የሚወሰደው ቁጥር ወፍራም መስመር፣ ገደቡ የተቆራረጠ ቀጥታ መስመር። ይህ ግራፍ የወዳጄን ጥያቄ መለሰ። ግራውንዱ ላይ መስመሩ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ይታያል፤ ከሱ በላይ ያሉት ቀጥ ብለው ተጣብቀዋል። ግራውንዱ ሱቅ ነው፤ ፊት ለፊቱ መስታወት ነው፤ ቁመቱም ከሌላው ይበልጣል። ከላይ ያሉት ክፍሎች በብሎኬት ተሞልተዋል። ሶፍት ስቶሪ የሚባለው ነው። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ዋና መንገድ ዳር ብትቆሙ ይህን ቅርጽ ትቆጥራላችሁ። ወዳጄ ግራፉን ሲያይ አንድ ቃል አላለም፤ ቀጥታ የኮለኑን መጠን ጻፈበት። ብሎኬቱን ሞዴሉ ውስጥ ያላስገባ ስሌት ግን ይህን አያሳይም። መግለጫው ፋይል ላይ "ግድግዳው በሞዴሉ ውስጥ አለ?" የሚል ጥያቄ ጨምሩ።

ቀለምን ብቻ አትመኑ። ቢሮ ያለው ፕሪንተር ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን ያለው ሰውም አለ። "ከገደቡ በታች ነው" ወይም "ከገደቡ በላይ ነው" ብላችሁ በቃል ጻፉ።

በአማርኛ ስትጽፉ ማትፕሎትሊብ ፊደላችንን ሳጥን ሳጥን አድርጎ ያወጣዋል። አብሮት የሚመጣው ፎንት ግዕዝ የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑና በቅንብሩ ላይ ስሙን ስጡት። ስለ ቋንቋው አንድ ምክር አለኝ። ድሪፍት፣ ኮለን፣ ፔሬድ የሚሉትን እንዳሉ ተዉአቸው፤ መሐንዲሱ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። ማስጠንቀቂያውንና ማብራሪያውን ግን በአማርኛ ጻፉት። ገጹን የሕንፃው ባለቤትም ያየዋል። "የታችኛው ወለል ከሌሎቹ ይልቅ ይንሸራተታል" የሚለውን ሲያነብ ኮለኑ ለምን እንደወፈረ፣ ፌሮው ለምን እንደጨመረ ይገባዋል።

ግርጌ ላይ የፋይሉ ስም፣ የመሣሪያው ቨርዥን፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ስሌቱን የሠራው ሰው ስም የሚሞላበት ቦታም ተዉ።

ደረጃ 9፦ መልሱን በምታውቁት ነገር ፈትኑት

ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት በእጅ የሚሰላ ሞዴል አስገቡበት። አንድ ማስ፣ አንድ ስፕሪንግ። ማሱ 10,000 ኪሎ ግራም፣ የስፕሪንጉ ስቲፍነስ 4,000 ኪሎ ኒውተን በሜትር ይሁን። ፔሬዱ 0.314 ሰከንድ መሆን አለበት። መሣሪያችሁ ከነፃ ውዝውዛው ይህን ካላወጣ የሰዓት ዓምዱን ተሳስቶ እያነበበ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹ። ፋይሉን መሐል ላይ ቆርጣችሁ ስጡት፤ ይጮሃል? ሚሊ ሜትሩን ሜትር ብላችሁ ሙሉት፤ ይጠረጥራል? ከሰባቱ ሪከርድ አንዱን አውጡ፤ ከአማካይ ወደ ከፋው ይቀየራል? ኮምፒውተሩን ሥራው መሐል ላይ ከሶኬት ንቀሉት። መብራት ሲሄድ የሚሆነው ይኸው ነው። ሪፖርቱ በጊዜያዊ ፋይል ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ ዋናውን ስም ከያዘ ግማሽ የተጻፈ ሪፖርት ማንም እጅ አይገባም።

እነዚህን የተበላሹ ፋይሎች አትጥሏቸው። "ሙከራ" በሚል ፎልደር ከመሣሪያው ጋር አብራችሁ ስጡ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ምን ማስጠንቀቂያ መውጣት እንዳለበት ጻፉ። የመሣሪያውን ኮድ በነካችሁ ቁጥር ሁሉንም እንደገና አስኪዱ። ወዳጄ አሁን አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያስከፍተው ያንን በ11ኛው ሰከንድ የቆመውን ፋይል ነው።